የደሴዋ ባለሆቴል ለምን ሰው አልመሰለችም?

ጥያቄ፦ ደሴ ላይ የሚካሄድ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ተቃራኒዋ ገጸ ባሕርይ እትየ የሺ የምትባል፣ አንድ ሆቴልና ሁለት ወፍጮ ያላት፣ ባሏ የሞተባት የ62 ዓመት ሴት ናት። ልጇ ዳዊት የሸማኔ ልጅ የሆነችውን ሰናይትን አገባለሁ ሲላት አሻፈረኝ ትላለች፤ የቤት ሠራተኛዋን ዘይነባንም ታንገላታለች። ያነበቡልኝ ሁሉ «ሴትዮዋ ከቴሌቪዥን ድራማ የወጣች ትመስላለች» ይሉኛል። ክፋቷን ልቀንሰው? ወይስ የሚያሳዝን ታሪክ ልስጣት? በመጨረሻስ መቀጣት አለባት? የመጀመሪያዎቹን አምስት ምዕራፎችና የመጨረሻውን አያይዣለሁ። ከኮምቦልቻ።

ምላሽ፦ ክፋቷን አይቀንሱ። የእትየ የሺ ችግር ክፉ መሆኗ አይደለም፤ ክፋቷ ለራሷ ምንም የማይፈይድላት መሆኑ ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ ዘይነባ ቡና ስለደፋች በጥፊ ትመታታለች፣ ሳህን ትወረውራለች፣ ከዚያ ከት ብላ ትስቃለች። ሁለት ወፍጮና ሆቴል የምታንቀሳቅስ ሴት የሳህኑን ዋጋ ታውቃለች። ሠራተኛዋ ብትጠፋባት ለደላላ እንደገና እንደምትከፍል፣ አዲሷ የቤቱን ነገር እስክትለምድ ወር እንደሚያልፍ፣ ወሬው በማግስቱ ወፍጮ ቤት ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ጆሮ እንደሚገባም ታውቃለች። እንዲህ ያለች ሴት ስትጨክን ጭካኔዋ የሚያስጠብቅላት ነገር አለ፤ ወይ ገንዘብ፣ ወይ የተቀመጠችበት ቦታ፣ ወይ ምስጢር። ደራሲው ያንን ነገር ካላወቀው ገጸ ባሕርይዋ ሥራ ትፈታለች፤ ሥራ ስትፈታ መጮህና መሳቅ ትጀምራለች። የድራማዋ ሴትዮ ሁልጊዜ የምትስቀው ትዕይንቱን የሚዘጋላት ሌላ ነገር ስለሌላት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ይወስኑ። ረቂቁ «ከድሮ ጀምሮ ሀብታም ነበረች» ብሎ ያልፈዋል። ደሴ ላይ ይህ ዓረፍተ ነገር ለዚህ ዕድሜ አይሠራም። ታሪኩ 2010 ላይ ከሆነና እሷ 62 ዓመቷ ከሆነ የተወለደችው 1948 ነው፤ በ1967 የ19 ዓመት ልጅ ነበረች ማለት ነው። በዚያ ዓመት በየካቲት የገጠር መሬት ተወረሰ፤ በሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ተወሰደ። ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የሚሆን አንድ ቤት ብቻ ቀረ፤ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ ገቡ። እናቷ አራዳ ላይ ስድስት የሚከራዩ ክፍሎች ነበሯት እንበል። ግቢው ያው ነው፣ ተከራዮቹም ያው ናቸው፤ ኪራዩን ግን አሁን ለቀበሌ ይከፍላሉ። ትናንት በጓሮ በር ይገቡ የነበሩት ዛሬ በፊት በር ያልፋሉ፣ ከእናቷም እኩል ወረፋ ይይዛሉ። የ19 ዓመት ልጅ ይህን አይታ ካደገች በኋላ ከ1983 ወዲህ ነግዳ ሀብት ብትሠራ፣ የምትጠብቀው ገንዘቡን ብቻ አይደለም። ማን በየትኛው በር እንደሚገባ ነው የምትጠብቀው። የሸማኔ ልጅ ምራቷ ስትሆን የምትገባው በፊት በር ነው።

ይህን ለራስዎ ይጻፉት እንጂ ለአንባቢ አይንገሩት። የሚያሳዝን ታሪክ ልስጣት ወይ ላሉት መልሱ እዚህ ላይ ነው፦ ታሪኩ ይኑራት፣ እያለቀሰች እንድትናገረው ግን አያድርጉ። በተለይ «እኔም በልጅነቴ ተንቄ ነበር» የሚል ምዕራፍ ከጻፉ ቀሪው መጽሐፍ ይፈርሳል፤ አንባቢው ምክንያቱን በእጁ ከያዘ በኋላ ሴትዮዋን መከታተል ይተዋል። አንድ ቦታ ላይ፣ ምናልባት ሦስተኛው ምዕራፍ፣ የፊት በሩን ቁልፍ ለማንም እንደማትሰጥ ብቻ ያሳዩ። ይበቃል።

ዘመኑን ወደ ኋላ ለመውሰድ ካሰቡ በ1965ቱ ረሃብ ላይ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ጎተራዋን ቆልፋ እህል የደበቀች ባለጸጋ ሁሉም ደራሲ የሚጽፋት ናት። የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው ግን በረሃቡ ወቅት በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እምብዛም አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የወጣ እህል ነበር። ገበሬው ያለቀው ምርቱም ከብቱም ሲጠፋ መግዣ ስላጣ ነው። ይህ ለደራሲ ከጎተራው የበለጠ ነገር ይሰጣል። የዚያን ጊዜዋ እትየ የሺ ምንም መደበቅ አያስፈልጋትም። በሰሜኑ መንገድ ዳር ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ትገዛለች፦ በሬ፣ የብር አምባር፣ ድሪ፣ ከቤቱ የተነቀለ የበር ሳንቃ። አትከራከርም። ዋጋ ትጠይቅና ዝም ትላለች፤ ሻጩ ራሱ ይቀንሳል፤ እንደገና ዝም ትላለች፤ እሱ እንደገና ይቀንሳል። ሁሉም በጠራራ ፀሐይ፣ በሕግ፣ ሰው እያየ። ከተቆለፈ ጎተራ ይልቅ ይህ ዝምታ ያስፈራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ረቂቁ ውስጥ እትየ የሺ የምትንቀውን ሰው ፊት ለፊት ትሰድባለች። ይህ የሌላ አገር ክፋት ነው። ንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሻቸውን አይጠየፍ ብለው በሰየሙባት ከተማ ሰው መጠየፍ በአደባባይ አያስከብርም፤ ንቀት ያለ ጨዋነት አይንቀሳቀስም። ጨዋታ አዋቂ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ «አብሽሪ» ባይ በሆነ ሕዝብ መካከል ሰው የምታዋርድ ሴት መሣሪያዋ ራሱ እንግዳ ተቀባይነቱ ነው። አራተኛው ምዕራፍ ላይ የሰናይት እናት እማማ ተዋበች ለሽምግልናው ጉዳይ ወደ ቤቷ ሲመጡ እትየ የሺ «የሸማኔ ዘር ቤቴን አይረግጥም» ብላ ታባርራቸዋለች። ያንን ትዕይንት በሙሉ አውጥተው በዚህ ዓይነት ሊተኩት ይችላሉ፦

ዘይነባ ረከቦቱን አቀረበች። አቦሉ ሲቀዳ እትየ የሺ ዓይናቸውን ወደ ጎረቤታቸው ጣል አደረጉ፤ ሲኒው በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡትን እማማ ተዋበችን አልፎ ሄደ።
«አንቱ ለቡና ግድ የለዎትም መሰለኝ» አሉ እትየ የሺ። «እናንተ ቤት ሥራ አያስቀምጥም።»
«ኧረ እጠጣለሁ» አሉ እማማ ተዋበች።
«ይጠጡ እንጂ፣ ይጠጡ። ለእንግዳማ ምን ጠፍቶ!»
ቶናው ተጠጣ። ዘይነባ ለበረካው ውሃ ልትጨምር ጀበናውን ስታነሳ እትየ የሺ ግንባራቸውን ያዝ አደረጉ።
«ይብቃ፤ ራሴን አሞኛል። ረከቦቱን አንሺው።»

እዚህ ውስጥ አንድም ስድብ የለም። እማማ ተዋበች ቤታቸው ሄደው ለባላቸው ምን ብለው ይናገራሉ? «ቡና አጠጣችኝ፣ ከዚያ ራሷን አመማት» ከማለት በቀር ቃል የላቸውም። ግን የወሎ አንባቢ በረካ ሳይጠጣ የሚነሳ እንግዳ ምን ሳይዝ እንደሚወጣ ያውቃል፤ በቤቱ የነበሩት ጎረቤቶችም ያውቃሉ። ጭካኔው የተዋጣ የሚሆነው እንደዚህ ተመልሶ ሊጠቀስ የማይችል ሲሆን ነው። የተጎዳው ሰው መክሰሻ ያጣል፣ ያደረሰችው ደግሞ ስሟ አይጎድፍም፣ ቡናዋንም አጠጥታለች።

በዚህ ዓይነት ትዕይንት የሚበላሹ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ብዛት ነው፦ ሲኒው ማለፉ፣ አፉ የተሸረፈ ሲኒ መምረጧ፣ ቆሎው ለእሳቸው አለመዞሩ፣ በረካው መቅረቱ ሁሉ አንድ ላይ ከመጣ አንባቢው ይቆጥራል እንጂ አይሰማውም። ለአንድ ትዕይንት ሁለት ምልክት ይበቃል፤ አንዱ የሚያጠራጥር፣ አንዱ የሚያረጋግጥ። ሁለተኛው ማብራሪያ ነው። ከረከቦቱ መነሳት በኋላ «በዚህ አኳኋን ንቀቷን ገለጸችላቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር ከመጣ ትዕይንቱ አለቀለት። ረቂቁ ላይ እንዲህ ያሉ ዓረፍተ ነገሮች በየምዕራፉ አሉ፤ ሲያነቡ «በዚህ»፣ «ይህም» እና «ምን ያህል» ብለው የሚጀምሩትን የምዕራፍ መዝጊያዎች ይፈልጉ፣ አብዛኞቹ ያለ ጉዳት ይወጣሉ።

አክብሮትና መጠሪያ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ለእንዲህ ያለች ገጸ ባሕርይ የተሰጠው ትልቁ ሀብት ይህ ስለሆነ። ረቂቁ ውስጥ ሁሉም ሰው ሲቆጣ «አንቺ» ይላል፣ ሲለሳለስም «አንቺ» ይላል። መሰላሉ ጠፋ። ይልቁንስ እትየ የሺ ማንን ምን ብላ እንደምትጠራ አስቀድመው ይወስኑ። እማማ ተዋበችን «አንቱ» ትላለች፤ የሚያርቅ፣ የሚያቀዘቅዝ «አንቱ»። የዕድሜ እኩያዋን የነጋዴ ሚስት «አንች» ትላለች፣ በሳቅ። የሆቴሉን ወጥ ሠሪ፣ በዕድሜ ስምንት ዓመት የሚበልጧትን ሴት፣ ደግሞ «አንች» ትላለች፣ ያለ ሳቅ። ይህ አንድ ፊደል ያልጨመረ ስድብ ነው፤ ወጥ ሠሪዋ በምላሹ «እትየ» እያሉ ሲጠሯት አንባቢው ራሱ ይሰማዋል። ዘይነባን በስሟ አትጠራትም። «ልጅት» ትላታለች፤ ወይም እዚያው ቆማ ሳለ «ለእሷ አታስቀሩላት፣ በልታለች» ትላለች፣ ስለሌለ ሰው እንደሚወራ። ከዚያ በመላው መጽሐፉ ውስጥ ከአንድ ሰው ወደ ሌላ ሰው ያለው መጠሪያ ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይቀየር ያድርጉ። እትየ የሺ እማማ ተዋበችን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሰርጉ በፊት ባለው ምዕራፍ፣ «አንቺ» ብትላቸው፣ ያ ቃል ከጥፊ ይበልጣል። ለማረም የሚቀለው መንገድ ባለ ቀለም እርሳስ ይዞ እያንዳንዱን ምልልስ ማስመር ነው፦ አንቱ በአንድ ቀለም፣ አንቺ በሌላ።

የተራኪው መጠሪያም አለ። በረቂቁ ተራኪው እማማ ተዋበችን «አሉ»፣ እትየ የሺን «አለች» እያለ ይተርካል። ሁለቱም ከ60 በላይ ናቸው። ተራኪው ገና በመጀመሪያው ገጽ ፈርዷል፤ አንባቢው ለመፍረድ ምን ቀረለት? ከላይ ባለው የቡና ትዕይንት ሁለቱንም «አሉ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። (እኔ እዚህ «ናት» የምለው ስለ ገጸ ባሕርይ እንጂ ስለ ሰው ስለማላወራ ነው፤ እርስዎ ይህ ነፃነት የለዎትም።) ባለሀብቷን በሙሉ አክብሮት ይተርኳት። ክፋቷ በአክብሮቱ ላይ ይበልጥ ይታያል።

የዘይነባን ነገር እንመልከት። ጥፊውና ሳህኑ ሲወጡ ባዶ የሚቀር ከመሰለዎት ተሳስተዋል፤ ደሞዟ አለ። ዘይነባ በወር 1,500 ብር ተቀጥራለች እንበል። በመጀመሪያው ወር መጨረሻ እትየ የሺ በእናትነት ድምፅ «ገንዘብሽ እኔ ጋ ይቀመጥልሽ፤ ደላላና ጎረምሳ ይበላብሻል፣ ባዶ እጅሽን አገርሽ እንዳትገቢ» ትላታለች። ልጅቷ ደስ ይላታል። ከ14 ወር በኋላ ወደ ቤተሰቧ ልትሄድ ስትጠይቅ ሒሳቡ ይወጣል፦ 21,000 ብር መሆን ነበረበት። ከዚያ ደብተሩ ይነበባል። ለደላላ የተከፈለ 1,000። ለበዓል የተገዛላት ልብስ 4,500። የተሰበረ ብርጭቆ፣ ድስትና ፔርሙዝ 1,900። ለጆሮ ሕክምናና መድኃኒት 2,300። «ተመልሰሽ እንድትመጪ» የሚያዝ የሁለት ወር 3,000። ቀሪ 8,300። እትየ የሺ እያንዳንዱን መስመር በእርጋታ ታነባለች፣ ደረሰኝ ያለውን ደረሰኙን ታሳያለች፣ ልጅቷ ቀለም ነክራ አሻራዋን ታሳርፋለች። በጆሮ ሕክምናው ላይ ምንም አይጨምሩ። አንባቢው ጆሮዋ በምን እንደታመመ ራሱ ይጠይቅ፤ ጥፊው በመጽሐፉ ውስጥ ሊኖር የሚችለው በዚህ መስመር ብቻ ነው፣ ሳይታይ።

ዘይነባ ለምን አልከሰሰችም የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ሕጉን ማወቅ ይጠቅምዎታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከተፈጻሚነቱ ውጭ ያደርጋል፤ የቤት ሠራተኛ የሚመለከታት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ያሉ ጥቂት አንቀጾች ናቸው። እነሱን ይዛ ፍርድ ቤት የምትሄድ የ17 ዓመት ልጅ እንዳይጽፉ። የምትሄደው ዘመድ ወደምትላት ሴት ነው፤ ሴትየዋም ሽማግሌ ትልካለች፤ ሽማግሌዎቹም የእትየ የሺን ቡና ጠጥተው፣ ደብተሩን አይተው፣ «ሒሳቡስ ትክክል ነው» ብለው ይመለሳሉ። በሌላ በኩል ለልጅቷ መውጫ ይስጧት። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ ለእሷ ዓይነት ልጆች ሌላ በር ተከፍቷል፤ የፋብሪካ ደሞዝ ብዙ ባይሆንም በየወሩ በእጅ ይገባል። እትየ የሺ የሁለት ወሩን ደሞዝ የምትይዘው ይህንን ስለምታውቅ ነው። ሁለቱ ሴቶች ፋብሪካውን በስሙ ሳይጠሩ ስለ እሱ የሚከራከሩበት ትዕይንት ቢጽፉ መጽሐፉ ውስጥ ካሉት ሁሉ የሚበልጥ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

የሸማኔው ነገር ላይ ረቂቁ በጣም ቀጥተኛ ነው። በእጅ ባለሙያ ላይ ያለው ንቀት እንዴት እንደሚሠራ ያስተውሉ፦ እትየ የሺ ሰውየውን ትንቃለች፣ ሥራውን ግን ትለብሳለች። ለጥምቀት የሚሆናትን ነጠላ ለሰናይት አባት ታዝዘው። ሲያመጣላት ጥለቱን በጣቷ እየዳሰሰች «ጎበዝ ነህ» ትበለው፣ ዋጋውን ሳትከራከር ትክፈለው፣ ከዚያ ልጅቷ እያየች ሃምሳ ብር «ለሻይ» ትጨምርለት። ነገ አማቷ ሊሆን ለሚችል ሰው ጉርሻ። ሰውየው ብሩን ቢቀበልም ባይቀበልም ይዋረዳል፤ ጥሩ ወጥመድ ማለት እንዲህ ነው። ጋብቻውንም በእምቢታ አታስቀረው። «መልካም፤ ግን ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ይቆጠር» ትበል። ማንም ክርስቲያን ይህን አይቃወምም። ቆጠራው ከአምባሰል እስከ ወረኢሉ ሽማግሌ ፍለጋ ሲዞር ወራት ያልፋሉ፣ ልጁ ይሰለቻል፣ በመሐል የሚቆጠረው አጥንት የማን ምን እንደነበረ ለሁሉ ይወጣል። እሷ የጠየቀችው ግን ዝምድና ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ በአጭሩ፦ ባለሀብቷ ክርስቲያን፣ ሠራተኛዋ ሙስሊም ናቸው። እንደዚሁ ከቀረ አንባቢ ታሪኩን የሃይማኖት አድርጎ ሊያነበው ይችላል፣ ያ ደግሞ ሁለቱ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በሚኖሩበት በወሎ ላይ አይመስልም። ለእትየ የሺ ከእሷ እኩል ሀብት ያላት፣ የምትፈራትና የምታከብራት ሙስሊም ነጋዴ ጓደኛ ይስጧት። ነገሩ በዚያው ይስተካከላል።

ሌላው ፈተና ሟች ባሏ ነው። ረቂቁ በአንድ ቀን ሦስት ሠራተኛ ያባረረውን ሰውየ «ቆፍጣና ነጋዴ» ይለዋል። እሷ አንዲት ስታባርር «አረመኔ» ናት። እያንዳንዱን የጭካኔ ድርጊቷን ወስደው በእሱ ስም ያንብቡት፤ ድርጊቱ በወንድ ስም ተራ ነገር ከሆነ፣ የሚቀጡት ጭካኔን ሳይሆን ሴት ሆና ማዘዟን ነው። ይህች ሴት በልብ ወለድ ውስጥ እየተደጋገመች የምትመጣበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ የወንዱ ጭካኔ በቢሮና በእርሻ ስለሚፈጸም አስተዳደር ይባላል፣ የእሷ ወጥ ቤት ውስጥ ስለሆነ ጠባይ ይባላል። ወሎ ደግሞ የምታዝ ሴትን አዲስ አታየውም። የወሎ ገዥ የነበሩት ወይዘሮ ወርቂት ልጃቸው በአፄ ቴዎድሮስ እጅ እስረኛ ሳለ፣ በ1857 ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው እጃቸው ገቡ። ቴዎድሮስ ልጃቸውን አስገደሉ፤ ወርቂት ምኒልክን ወደ ሸዋ ሸኙ። ከሩቅ ለሚያይ ልበ ደንዳና ሊመስሉ ይችላሉ። ሥልጣን የያዘ ሰው ሁለት መጥፎ ነገሮች ፊቱ ተቀምጠው አንዱን ይመርጣል፤ እትየ የሺ ግን በአምስቱም ምዕራፍ ውስጥ አንድም ምርጫ አልቀረበላትም። ከሆቴሉ ዕዳና ከልጇ ሠርግ አንዱን የሚያስመርጥ ነገር ያምጡባት።

ሴራውን በተመለከተ ከውጭ ሥነ ጽሑፍ አንድ ስልት መዋስ ይቻላል። ጄን ኦስተን በ1813 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ ውስጥ ሌዲ ካትሪን የምትባል ባለጸጋ አለች። የእህቷን ልጅ ዳርሲን ከማትመጥነው ልጅ ለማስጣል ራሷ ልጅቷ ቤት ድረስ ትሄዳለች፣ እንዳታገባው ቃል ግቢ ትላታለች። ልጅቷ እምቢ ትላለች። ሌዲ ካትሪን ተናዳ ይህንኑ ለዳርሲ ትነግረዋለች፤ እሱም «እምቢ ካለችስ ተስፋ አለኝ» ብሎ ይመለሳል። ጋብቻውን ያስገኘው ትዕቢቷ ነው። የእርስዎ ረቂቅ ላይ ዳዊትና ሰናይት የሚያሸንፉት በአጋጣሚ በተገኘ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን ይጣሉት። እትየ የሺ ያዘዘችው የሰባት ቤት ቆጠራ የራሷ አያት ሸማኔ እንደነበሩ ቢያወጣባት ግን ቀላል ይሆናል፣ ብዙ ደራሲ የሚያስበው ነውና እሱንም ይተዉት። ይልቅ ቆጠራው የወሰደው ወራት ሰናይትን ሥራ አስያዛት፣ ዳዊት ደግሞ በየሳምንቱ ለቆጠራው ሰበብ እነሱ ቤት እየሄደ ሽመናውን ለመደው። መዘግየቱን የፈጠረችው እሷ ናት።

አሁን ቅጣቱ። በረቂቁ መጨረሻ ሆቴሉ ይቃጠላል፣ እትየ የሺ አእምሮዋን ትስታለች። ይህን የሚያነብ የደሴ ሰው ክፉ ሀብታሞች በአልጋቸው ላይ በሰላም ሲሞቱና ትልቅ ቀብር ሲደረግላቸው አይቷል፤ እሳቱን አያምንም። ከተማዋ የራሷ መሣሪያ አላት። ሌላው አገር እድር የሚለው በወሎ ቅሬ ነው፤ ቅሬ ገንዘብ ብቻ አይደለም፣ መምጣት፣ መቆፈር፣ መሸከም፣ እንጀራ ማምጣት፣ ከሐዘንተኛ ጋር ማምሸት ነው። እትየ የሺ ለዓመታት በአካል ሳትመጣ መዋጮዋንና የመቅረት ቅጣቷን በዘይነባ እጅ ትልክ ነበር ብለው ቀደም ባሉት ምዕራፎች ሁለት ቦታ ላይ ጣል ያድርጉ፣ ሳያተኩሩበት። ከዚያ እህቷ ትሙትባት። ቅሬው ይመጣል። ድንኳኑ በሰዓቱ ይተከላል፣ መቃብሩ ይቆፈራል፣ እንጀራው በዝርዝሩ መሠረት ይገባል። በሕጉ የተጻፈው ሁሉ ይፈጸማል። ከሕጉ ውጭ ያለው አይኖርም፦ ማንም አያመሽም፣ ማንም «ቅመሽ እንጂ» አይላትም፣ አልቃሿ እህቷን እንጂ እሷን በስም አታነሳም። ልትከሰው የምትችለው ሰው የለም። ይቅርታ እንድትጠይቅም አያድርጓት፤ የዘይነባን 12,700 ብር ብትመልስ እንኳ ለልጅቷ ሳይሆን ለቅሬው ዳኛ ትስጠው፣ ሰው እያየ።

ለእርማቱ የምመክረው መጠን ይህ ነው። እትየ የሺ በአሥር ትዕይንት ብትገባ በአራቱ ጨዋ ብቻ ትሁን፣ ያለ ምንም ክፋት፤ እንዲያውም በአንዱ በእውነት ደግ። በሦስቱ ታሸንፍ። በሁለቱ ትሸነፍ፣ ግን ከእሷ በቀር ማንም አይወቀው። በአንዱ ብቻዋን ትሁን፣ ሳታለቅስ፣ ሒሳብ ስትሠራ ቢሆን ይመረጣል። ንግግሯ በአንድ ጊዜ ከሁለት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ፤ በረቂቁ ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ አንድ ሙሉ ገጽ ትናገራለች፣ የሚያዝ ሰው ያን ያህል አያስረዳም። ወርቁን፣ መኪናውንና ሽቶውን የሚዘረዝረውን አንቀጽ ወደ አንድ ዕቃ ያውርዱት። ዘይነባንም መልአክ አያድርጓት፤ ከወፍጮው ዱቄት ትንሽ ትሰውር፣ እትየ የሺም ይህንን ትወቅና ዝም ትበል፣ እስከ ሒሳቡ ቀን ድረስ።

አርመው ሲጨርሱ የሒሳቡን ምዕራፍ ለሁለት ሰው ብቻ ያስነብቡ፦ በሰው ቤት ሠርታ ለምታውቅ አንዲት ሴትና ሱቅ ወይም ሆቴል ለምታስተዳድር ሌላ። «ጨካኝ ናት ወይ?» ብለው አይጠይቋቸው። ከደብተሩ መስመሮች የትኛው ተገቢ እንደሆነ፣ የትኛው እንዳልሆነ ምልክት እንዲያደርጉበት ያድርጉ። ሁለቱ ሴቶች ምልክታቸው በሁሉም መስመር ከገጠመ ደብተሩን እንደገና ይጻፉት።